የምንወደው ተከታታይ ፊልም ለምን ይቋረጣል? ስለ መታደስና መሰረዝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በብዛት የምናወራው ስለ አሜሪካ ቴሌቪዥን ነው፤ ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ታደሰ»፣ «ተሰረዘ» እና «አለቀ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ታደሰ ማለት ተጨማሪ ሲዝን ታዘዘ ማለት ነው። ገንዘቡን የሚከፍለው ጣቢያ ወይም እንደ ኔትፍሊክስ ያለ ስትሪሚንግ (በኢንተርኔት ፊልም የሚያሳይ ድርጅት) «ቀጥሉ» ብሏል። ተሰረዘ ማለት ደግሞ ሠሪዎቹ መቀጠል እየፈለጉ ከፋዩ «በቃኝ» አለ ማለት ነው። አለቀ የሚባለው ሠሪዎቹ ራሳቸው መጨረሻውን አውቀው፣ ተዘጋጅተው ሲቋጩት ነው። «ብሬኪንግ ባድ» በ2013 አለቀ እንጂ አልተሰረዘም።

ለተመልካች ልዩነቱ ትልቅ ነው። ያለቀ ፊልም መቋጫ አለው። የተሰረዘው ግን ብዙ ጊዜ ልብ እንደሰቀለ ይቀራል። በሁለቱ መሃል አንድ ደግ ውሳኔም አለ፤ ፊልሙ «ለመጨረሻ ሲዝን» ይታደሳል። ያኔ ጸሐፊዎቹ ታሪኩን በወጉ ለመዝጋት ጊዜ ያገኛሉ። ስለዚህ ዜናው ላይ «ታደሰ» የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትጨፍሩ። አጠገቡ «የመጨረሻ» የሚል ቃል ካለ ልብ በሉ።

አንዳንዱ 22 ክፍል፣ አንዳንዱ 8 ክፍል ብቻ የሚሆነው ለምንድን ነው?

22 የድሮው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ልክ ነው። ኤቢሲ፣ ሲቢኤስ፣ ኤንቢሲና ፎክስ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ በየሳምንቱ የሚያሳዩት ነገር ያስፈልጋቸዋል። ገቢያቸው ማስታወቂያ ነው። ክፍሉ በበዛ ቁጥር የሚሸጡት ማስታወቂያም ይበዛል። ስትሪሚንጎቹ በአብዛኛው የሚኖሩት ደንበኛ በየወሩ በሚከፍለው ነው። 8 ወይም 10 ክፍል ይበቃቸዋል፤ በጀቱንም በጥቂት ክፍሎች ላይ ያፈሱታል።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ልበል። እንግሊዞች «ሲሪስ» ሲሉ እኛ «ሲዝን» የምንለውን ማለታቸው ነው። «ሲሪስ 3 ታዘዘ» የሚል ዜና ስታዩ ሌላ አዲስ ፊልም እንዳይመስላችሁ።

ውሳኔው የሚሰማው መቼ ነው?

ለነባሮቹ ጣቢያዎች ትልቁ ወር ሜይ ነው። በወሩ አጋማሽ ላይ ጣቢያዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ትልልቅ ማስታወቂያ ገዢዎችን ሰብስበው የመጪውን ዓመት ፕሮግራም ያቀርባሉ። «አፕፍሮንት» ይባላል። ከዚያ ቀን በፊት የሚቀጥለውና የማይቀጥለው መለየት አለበት። ለዚህ ነው የሜይ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለተከታታይ ፊልም አፍቃሪ የፈተና ውጤት እንደመጠበቅ የሚሆኑት። በሜይ 2018 ፎክስ «ብሩክሊን ናይን-ናይን»ንና «ሉሲፈር»ን በተከታታይ ቀናት ሰርዟል። ያን ሳምንት ከታናሽ እህቴ ጋር ስልካችንን ከእጃችን ሳናወርድ ነው ያሳለፍነው።

ስትሪሚንጎቹ እንዲህ ያለ የተወሰነ ወር የላቸውም። ብዙውን ጊዜ ፊልሙ ከወጣ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ውሳኔው ይሰማል። አንዳንዱ ገና ሳይወጣ ይታደሳል፤ ያ የመተማመን ምልክት ነው። አራት ወር፣ አምስት ወር ዝም ከተባለ ግን እኔ ተስፋዬን መቀነስ እጀምራለሁ።

የሚወስነው ማን ነው? ዳይሬክተሩ ነው?

አይደለም። ሁለት ወገኖች አሉ። አንዱ ፊልሙን የሚሠራውና ባለቤት የሆነው ስቱዲዮ ነው። ሌላው ፊልሙን ገዝቶ የሚያሳየው ጣቢያ ነው። አንዳንዴ ሁለቱ የአንድ ኩባንያ ልጆች ናቸው፣ አንዳንዴ ባዕዳን ናቸው። ብዙ ግራ የሚያጋቡ ውሳኔዎች የሚፈቱት ይህን ስታውቁ ነው።

ያንኑ «ብሩክሊን ናይን-ናይን»ን እንውሰድ። የሚታየው በፎክስ ነበር። የሠራው ግን ዩኒቨርሳል ቴሌቪዥን ነው፣ ማለትም የኤንቢሲ እህት ኩባንያ። ፎክስ የሌላ ሰው ልጅ እያሳደገ ነበር ማለት ይቻላል። ማስታወቂያ ከመሸጥ ያለፈ ብዙ የሚያተርፈው አልነበረም። ፎክስ በሜይ 10 ሲሰርዘው ኤንቢሲ በማግስቱ አነሳው። ደጋፊዎች ኢንተርኔቱን በጩኸት ሞልተውት ነበር፣ ጩኸቱም ረድቷል። ግን ልጁ የሄደው ወደ ገዛ ቤቱ ነው። እስከ 8ኛ ሲዝን ቆይቶ በ2021 በክብር አለቀ።

አዲስ ፊልም ስትጀምሩ «ማን ያሳየዋል?» ብቻ ሳይሆን «የማን ነው?» ብላችሁም ጠይቁ። ጣቢያው የራሱን ንብረት ሲሰርዝ እጁ ይከብደዋል።

ስንት ሰው እንዳየው የሚታወቀው እንዴት ነው?

በአሜሪካ የቴሌቪዥን ተመልካችን ሲቆጥር የኖረው ኒልሰን የሚባል ድርጅት ነው። ከ1950 ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ነው። ለረጅም ዘመን ዋናው ዘዴው ናሙና ነበር። ፈቃደኛ የሆኑ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ውስጥ መለኪያ መሣሪያ ይገጥማል፤ ከዚያ ተነስቶ የአገሩን ሕዝብ ይገምታል። ቁጥሩ በየዓይነቱ ይወጣል። ያኑ ምሽት ያዩት ለብቻ፣ ቀድተው በሰባት ቀን ውስጥ ያዩት ተጨምረው ለብቻ ይነገራል።

ማስታወቂያ ገዢዎች ለረጅም ዘመን አተኩረው የሚያዩት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 49 የሆኑትን ነው። አሥር ሚሊዮን ሰው እያየው «ተመልካቹ አርጅቷል» ተብሎ የሚሰረዝ ፊልም የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። በእኔ እምነት ይህ ለትልልቅ ሰዎች ክብር የነሳ አሠራር ነው። ቁጭ ብሎ ፊልም በትዕግሥት የሚጨርስ ሰው ቢኖር አባቴ ነው።

የኔትፍሊክስ ቶፕ 10 ውስጥ ገብቶ ነበር። ታዲያ ለምን ተሰረዘ?

በብዛት የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው። መልሱም «መጀመር» እና «መጨረስ» በሚሉት ሁለት ቃላት መሃል ነው። በ2019 ኔትፍሊክስ ለእንግሊዝ ፓርላማ በጻፈው ደብዳቤ ተመልካቹን እንዴት እንደሚከፍል አስረድቶ ነበር። የጀመሩ፣ አብዛኛውን ያዩ፣ የጨረሱ ብሎ ይለያቸዋል። ይህንንም ከወጣ በኋላ ባሉት 7 ቀናትና 28 ቀናት ይመዝነዋል። እንግዲህ አስቡት። ብዙ ሕዝብ በመጀመሪያው ሳምንት ክፍል 1ን ከፍቶ ፊልሙን ቶፕ 10 ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። ግማሹ ሦስተኛው ክፍል ላይ ጥሎት ከሄደ ግን ሁለተኛ ሲዝን ቢሠራ ማን ያየዋል? ሲዝን 2ን የሚጠብቀው ሲዝን 1ን የጨረሰ ሰው ነው።

ሁለተኛው ሚዛን ወጪ ነው። ሁለት ፊልሞች እኩል ታዩ እንበል። አንዱ በአንድ ቢሮ ውስጥ የሚያልቅ ኮሜዲ ነው። ሌላው ዘንዶ የሚበርበት፣ መርከብ የሚፈነዳበት ነው። ኮሜዲው ይታደሳል፣ ባለ ዘንዶው ይሰረዛል። ተመልካቹ ስለጠላው አይደለም። ለወጪው የሚመጥን ሰው ስላልመጣ ነው።

ኔትፍሊክስ በየሳምንቱ ቶፕ 10ን ሲያወጣ ፊልሙ የታየበትን ጠቅላላ ሰዓት በፊልሙ ርዝመት አካፍሎ «እይታ» የሚል ቁጥር ይሰጣል። ለምሳሌ 10 ሰዓት የሚፈጅ ፊልም 50 ሚሊዮን ሰዓት ቢታይ 5 ሚሊዮን እይታ አለው ይባላል። ይህ ግን 5 ሚሊዮን ሰው ጨረሰው ማለት አይደለም። ስንት ሰው እንደጨረሰው የሚያውቀው ራሱ ኔትፍሊክስ ብቻ ነው፤ እኛ ከውጭ ሆነን የምንከራከረው በግማሽ መረጃ ነው።

ብዙ ፊልም ለምን 2ኛው ወይም 3ኛው ሲዝን ላይ ይቆረጣል?

ፊልሙ በዕድሜ በገፋ ቁጥር ይወደዳል፤ በዋጋ ማለቴ ነው። ተዋናዮችና ጸሐፊዎች በየሲዝኑ ክፍያቸው እንዲጨምር አስቀድመው ይዋዋላሉ። ስም ካወጡ በኋላ ደግሞ ተደራድረው ያስጨምራሉ፣ መብታቸው ነው። «ፍሬንድስ» በመጨረሻዎቹ ሁለት ሲዝኖች ለስድስቱ ተዋናዮች ለእያንዳንዳቸው በአንድ ክፍል 1 ሚሊዮን ዶላር ይከፈል ነበር። ኤንቢሲ የከፈለው ስለሚያዋጣው ነው። መካከለኛ ተመልካች ያለው ፊልም ግን እንዲህ ያለ ጭማሪ አይችልም።

በስትሪሚንግ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። አዲስ ፊልም አዲስ ደንበኛ ያመጣል። 4ኛ ሲዝን ግን በብዛት የሚያስደስተው ቀድሞውኑ የሚከፍለውን ነው። ሲዝን 3 ሳያይ ሲዝን 4 የሚጀምር ሰው ብዙ አይደለም።

«100 ክፍል ከደረሰ ይተርፋል» የሚባለው እውነት ነው?

ነበር። በድሮው አሠራር አንድ ፊልም ወደ 100 ክፍል ገደማ ሲደርስ ለየአካባቢው ጣቢያዎች በድጋሚ ለማሳየት ይሸጥ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ለማሳየት ያን ያህል ክፍል ያስፈልጋል። ትልቁ ትርፍ እዚያ ነበር። ስለዚህ ሦስተኛ ሲዝኑን የጨረሰ ፊልም ቢደክምም እስከ አራተኛና አምስተኛ ሲዝን ይታገሱት ነበር። በዓመት 8 ክፍል በሚሠራበት ዘመን 100 ለመድረስ ከ12 ዓመት በላይ ይፈጃል። ያ መሰላል ተነስቷል።

መጀመሪያ ላይ ማንም ሳያያቸው የተረፉ አሉ?

አሉ፣ እኔም እነሱን እያሰብኩ ነው የምጽናናው። «ሳይንፌልድ» በ1989 የሙከራ ክፍሉ ታየ። ኤንቢሲ ከዚያ በኋላ ያዘዘው አራት ክፍል ብቻ ነበር። አራት! ያ ፊልም በ1998 ሲያልቅ የመጨረሻውን ክፍል ከ70 ሚሊዮን በላይ አሜሪካዊ አየው።

«ብሬኪንግ ባድ»ም በ2008 ሲጀምር ተመልካቹ አንድ ሚሊዮን ተኩል እንኳ አይሞላም ነበር። የሚያሳየው ጣቢያ ኤኤምሲ ታገሰው። የቆዩት ሲዝኖች ኔትፍሊክስ ላይ ሲጫኑ ሰው ከኋላ ጀምሮ እያየ ደረሰበት። በሴፕቴምበር 2013 የመጨረሻውን ክፍል ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመለከተው። ዛሬ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ማየት ብርቅ ነው፤ በ28 ቀን የሚመዘን ፊልም አምስት ዓመት የሚጠብቀው የለም።

የደጋፊዎች ዘመቻ ይሠራል?

አንዳንዴ ይሠራል፤ ታሪኩም ረጅም ነው። «ስታር ትሬክ» በ1968 ሊሰረዝ ነው ሲባል ደጋፊዎች ኤንቢሲን በደብዳቤ አጥለቀለቁት። ጣቢያው በመጨረሻ ፊልሙ እንደሚቀጥል በራሱ ስርጭት ላይ አስታወቀ። ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። ሦስተኛው ሲዝን ዓርብ ማታ በ4 ሰዓት ተመደበ፤ ወጣቱ ከቤት በሚወጣበት ሰዓት። በ1969፣ በ79 ክፍል ተሰረዘ። ሆኖም ሦስተኛ ሲዝን ባይኖረው በድጋሚ ለመሸጥ የሚበቃ ክፍል አይኖረውም ነበር። ዓለም የወደደው በዚያ ድጋሚ ስርጭት ነው።

ከሁሉም ልቤን የሚነካው የ«ጄሪኮ» ነው። ሲቢኤስ በሜይ 2007 ሰረዘው። በሲዝኑ መጨረሻ ላይ ጀግናው እጅህን ስጥ ሲባል በአንድ ቃል ብቻ ነበር የመለሰው፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ «ለውዝ» ማለትም ነው፣ «አታስበው» ማለትም ነው። ደጋፊዎች ያቺን ቃል ይዘው ለጣቢያው ለውዝ መላክ ጀመሩ። በካርቶን፣ በጆንያ። ከ20 ቶን በላይ ለውዝ ኒውዮርክ ደረሰ። ሲቢኤስ ሰባት ክፍል አዘዘ። ሰባቱ በ2008 ታዩ፣ ተመልካቹ አልጨመረም፣ ፊልሙ ዳግመኛ ተሰረዘ። ቢሆንም ለሁለተኛው ስንብት የሚሆን መቋጫ ተዘጋጅቶ ነበር። ለውዙ ያን አስገኝቷል።

በ2018 ደግሞ ሲፋይ የሚባለው ጣቢያ «ዘ ኤክስፓንስ»ን ሲሰርዝ ደጋፊዎች ገንዘብ አዋጥተው ትንሽ አውሮፕላን ተከራዩ። «ፊልሙን አድኑ» የሚል ጽሑፍ እየጎተተች በአማዞን ስቱዲዮ ሕንፃ ላይ ዞረች። የአማዞን መሥራች ባለሀብቱ ጄፍ ቤዞስ ፊልሙ የተሠራባቸው መጻሕፍት አድናቂ ነበር። በዚያው ወር አማዞን አነሳው፣ ሦስት ሲዝንም ተጨመረ። ከነዚህ ሁሉ የማየው አንድ ነገር አለ። ዘመቻ የሚሠምረው የሚገዛ ሌላ ሰው ሲኖርና ፊልሙ ለዚያ ሰው ሲያዋጣው ነው። ፊርማ ማሰባሰብ ብቻውን ብዙ ርቀት አይሄድም። ከፊርማው ይልቅ ፊልሙን በሕጋዊ መንገድ ደግሞ ማየት ይበልጣል። «ማኒፌስት»ን ኤንቢሲ በጁን 2021 ሰረዘው፤ በዚያው ሰሞን ኔትፍሊክስ ላይ ተጭኖ ሰው ቀን ከሌት አየው። ኔትፍሊክስ በኦገስት 28 የ20 ክፍል ማጠቃለያ ሲዝን አዘዘ። ቀኑ የተመረጠው በፊልሙ ውስጥ ያለው አውሮፕላን ቁጥሩ 828 ስለሆነ ነው።

በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ማየቴ ይቆጠራል?

አይቆጠርም። ይህን ስጽፍ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። እኔም ተከታታይ ማየት የጀመርኩት ሰፈራችን ካለ ሲዲ ቤት ነው። ፍላሼን እሰጣለሁ፣ ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ «ሲዝኑን ሙሉ ልጫንልህ?» ይለኛል፣ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ አልቆ ይጠብቀኛል። ኔትፍሊክስ ከጃንዋሪ 2016 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራል። ይሁን እንጂ በውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ለብዙ ሰው ቀላል አይደለም።

ግን እውነቱን ማወቅ ጥሩ ነው። እኛ በፍላሽ ያየነው ፊልም በሠሪዎቹ ሰንጠረዥ ላይ ዜሮ ነው። መንደሩ ሁሉ ሲያወራው ቢከርምም አንድ እይታ አልተመዘገበለትም። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ የሚኖር ዘመድ ያላችሁና በጋራ ስለ አንድ ፊልም የምታወሩ ከሆነ፣ የሱ በራሱ አካውንት ሆኖ እስከ መጨረሻው ማየት ከእናንተ መቶ ፖስት ይበልጣል።

እናቴ የምታያቸው የቱርክ ድራማዎችስ? ለምን ክፍላቸው አያልቅም?

ቱርክ ውስጥ አንድ ክፍል በሳምንት አንዴ ይታያል፤ ርዝመቱ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። ወደ ውጭ ሲሸጥ አንዱ ወደ ሁለትና ሦስት ይቆረጣል። «ኤርቱግሩል» በአገሩ 150 ክፍል ነው፤ ኔትፍሊክስ ላይ 448 ሆኗል። ቃና በ2016 ተከፍቶ የቱርክን ድራማ በአማርኛ ድምፅ ሲያስገባልን የምናየው ይህን የተቆራረጠውን ነው። ቡና ተፈልቶ ሳያልቅ ክፍሉ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

ይሰረዛሉ ወይ ለሚለው፣ እንዲያውም ከአሜሪካኖቹ ይበልጥ በፍጥነት ነው። ቀረጻው ከስርጭቱ ጥቂት ቀናት ብቻ ቀድሞ ይሄዳል። ተመልካች ካነሰ ከጥቂት ሳምንት በኋላ «ፊናል» ይባልና ጸሐፊዎቹ በሩጫ ታሪኩን ይዘጉታል። መጨረሻው ላይ ሰው ሁሉ በድንገት ሲታረቅ፣ ሲጋባ ወይም ሲሞት ካያችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። የእናንተ እናት የምታየው ግን ተጣርቶ የመጣው ነው። ውጭ አገር የሚሸጠው በአብዛኛው በአገሩ የተሳካለት ነው።

«ሊሚትድ ሲሪስ» ተብሎ ሲዝን 2 እንዴት ይመጣል?

ሊሚትድ ሲሪስ ማለት ታሪኩ በአንድ ሲዝን ያልቃል ተብሎ የታቀደ ማለት ነው። ብዙዎቹ ቃላቸውን ይጠብቃሉ። «ሾጉን» በ2024 እንዲህ ተብሎ በ10 ክፍል ወጣ። የተሠራበት መጽሐፍም እዚያው አለቀ። ከመጠን በላይ ስለተወደደ ግን ገና ከወራት በኋላ ተጨማሪ ሲዝኖች እንደሚሠሩ ተነገረ፤ በዚያው ዓመት 18 ኤሚ ሽልማት ወሰደ። ስለዚህ «ሊሚትድ» ሐሳብ ነው፤ ውል አይደለም። እኔ በበኩሌ ያለቀ ታሪክ አልቆ ቢቀር እመርጣለሁ።

ዩቲዩብ ላይ የሲዝን 2 ትሬይለር አይቻለሁ። እውነት ነው?

ሦስት ነገር ተመልከቱ። መጀመሪያ የቻናሉን ስም። የጣቢያው ወይም የስትሪሚንጉ ካልሆነ ተጠራጠሩ። ሁለተኛ ከቪዲዮው ሥር ያለውን ጽሑፍ ክፈቱ፤ «ኮንሰፕት» የሚል ቃል ተሸጉጦ ታገኙታላችሁ። የሰው ሐሳብ ነው ማለት ነው። ሦስተኛ ተዋናዮቹን በደንብ እዩ። ልብሳቸውና የፀጉር አሠራራቸው በየሰከንዱ ከተለዋወጠ ከሌሎች ፊልሞቻቸው ተቀጥሎ የተሠራ ነው። አሁን በኮምፒውተር የተፈጠረ ፊትም ስለሚገባበት ዓይን ብቻውን አይበቃም።

«የሚለቀቅበት ቀን» የሚል ርዕስ ያላቸው ገጾችም አሉ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ቀኑ የለም። የታደሰ ፊልም ዜና ከራሱ ከጣቢያው ይወጣል፤ ያኔ ሁሉም ትልልቅ የመዝናኛ ጋዜጦች በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጽፉታል። አንድ ገጽ ላይ ብቻ ካያችሁት ጠብቁ።

ታድሷል ተብሎ ሦስት ዓመት የጠፋውስ? ተሰርዞ ይሆን?

የግድ አይደለም። «ስትሬንጀር ቲንግስ» 4ኛ ሲዝኑ በ2022 አጋማሽ ወጥቶ 5ኛው የመጣው በኖቬምበር 2025 ነው። «ሴቨራንስ»ም በሁለቱ ሲዝኖች መሃል ሦስት ዓመት ገደማ ወስዶበታል። በ2023 የሆሊውድ ጸሐፊዎች ለ148 ቀናት፣ ተዋናዮች ለ118 ቀናት ሥራ አቁመው ነበር፤ ብዙ ቀረጻ ያኔ ተገፍቷል። የተዋናዮች ፕሮግራም አለመገጣጠምና በኮምፒውተር የሚሠሩ ትዕይንቶች ብዛትም አለ። ረጅም ዝምታ ያስፈራል፣ ግን በይፋ እስካልተነገረ ድረስ ፊልሙ በሕይወት አለ።

ከታደሰ በኋላ ሊሰረዝ ይችላል?

ይችላል፤ ይሄ ከሁሉም ያማል። «ግሎው» በ2019 ለአራተኛና ለመጨረሻ ሲዝን ታድሶ ነበር። በ2020 መጀመሪያ ቀረጻ ተጀመረ፣ ኮሮና መጣ፣ ሥራው ቆመ። በኦክቶበር ኔትፍሊክስ ሰረዘው። የትግል ፊልም ነበር፤ ሰው ከሰው ሳይነካካ የሚቀረጽ ነገር አልነበረውም። ታድሶ የነበረው «ዘ ሶሳይቲ»ም በዚያው ዓመት ቀረ።

«ሚንክስ» ላይ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። በዲሴምበር 2022 ሁለተኛው ሲዝን ተቀርጾ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኤችቢኦ ማክስ የሚባለው ስትሪሚንግ ተወው። ምክንያቱ የባለቤቱ ኩባንያ ዕዳና ወጪ ቅነሳ ነበር። በዚያው ወር «ዌስትወርልድ»ን የመሰለ ትልቅ ሥራ፣ በኖቬምበር ከተሰረዘ በኋላ፣ ያለፉት አራት ሲዝኖቹ ጭምር ከመድረኩ ተነሱ። ራሱ ያሠራው፣ በራሱ ቤት የወጣ ፊልም! ስትሪሚንግ ላይ ያለ ነገር ሁልጊዜ እዚያ ይቀመጣል ብሎ ማመን ያኔ ነው የተወኝ። የምትወዱት ፊልም በዲቪዲ ካለ ግዙት። «ሚንክስ» ስታርዝ የሚባል ጣቢያ አንስቶት ሁለተኛ ሲዝኑ ለሕዝብ ደረሰ፤ ሦስተኛ ግን አልኖረውም።

እንግዲያው እስኪያልቅ ጠብቄ ባይ አይሻልም?

ስሜቱ ይገባኛል። ልብን ሰጥቶ በመሃል መቆረጥ ያናድዳል። ግን አስቡት፣ ሁላችንም ብንጠብቅ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚያየው ይጠፋል። የሚያየው ከጠፋ ይሰረዛል። ስንፈራው የነበረው በእኛው እጅ ይመጣል ማለት ነው። ስለዚህ የምትወዱት ዓይነት ታሪክ ሲወጣ በጊዜ ጀምሩት፣ ከወደዳችሁት በወሩ ውስጥ ጨርሱት፣ ለጓደኛ ንገሩ። ካልወደዳችሁት ተዉት፣ ዕዳ የለባችሁም።

የተሰረዘ ፊልም ማየት ደግሞ ጊዜ ማባከን አይደለም። «ፋየርፍላይ»ን ፎክስ በ2002 ከተሠሩት 14 ክፍሎች 11ዱን ብቻ አሳይቶ ሰረዘው። ቅደም ተከተሉንም አዛብቶት ነበር፤ መጀመሪያ ሊታይ የሚገባውን ክፍል መጨረሻ ላይ ነው ያሳየው። ደጋፊዎቹ ዲቪዲውን ገዝተው ገዝተው በ2005 «ሴሬኒቲ» የሚል የሲኒማ ፊልም ተሠራለት። አሥራ አራቱም ክፍሎች አሉ። ሁለት የዕረፍት ቀን ይበቃዋል። ከረጅሙ የመጀመሪያ ክፍል ጀምሩ፣ በተሠሩበት ቅደም ተከተል እዩ፣ «ሴሬኒቲ»ን ለእሁድ ማታ አቆዩት።